ሣጥን ውስጥ የቆሙት ባልና ሚስት

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ። ሳንቲሙ ላይ ልጅ የምታጠባዋ ሴትዮ እመቤታችን አይደለችም። ኢሲስ የምትባል የግብፆች ጣዖት ናት። የምታጠባውም ልጅ ሆረስ ይባላል። ይህን በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ በስልክም በአካልም፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢም ባስ ፌርማታም ስደጋግም አሥራ አራት ዓመት ኖርኩ። ጡረታ ወጣሁ፣ ተገላገልኩ ብዬ ደስ እንዳለኝ ሳምንት ሳይሞላ የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጥታ «እትዬ፣ ይቺ ማርያም ናት አይደል?» አለችኝ። ያቺው ኢሲስ ናት። ደሜ ፈላ።

ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ሥራዬ ምን እንደነበረ በትክክል የሚያውቅ ሰው ሲያትል ውስጥ ብዙ የለም። ግማሹ ባንክ፣ ግማሹ ወርቅ ቤት የሠራሁ ይመስለዋል። እኔ የሠራሁት የጥንት ሳንቲም የሚገዛና የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። ሳንቲሙን አይቶ የምን ከተማ፣ የማን ዘመን፣ ምን ሥዕል እንዳለበት ወረቀት ላይ መጻፍ ነበር ሥራዬ። ከዚያም ውስጥ የደረሰኝ ሌላው የሚሸሸው ክፍል ነው። ሮም ትገዛቸው የነበሩ የምሥራቅ ከተሞች ለራሳቸው መገበያያ የመቱት ነሐስ።

ሮም ራሷ የመታችው ወርቅና ብር ያማረ ነው፤ መጽሐፉም ሞልቷል። የከተሞቹ ግን ጉድ ነው። በአንዱ ፊት የቄሣሩ ራስ፣ በሌላው ፊት ከተማዋ የምታመልከው ነገር፣ ዙሪያውን ደግሞ ግማሹ የተፋቀ የግሪክ ፊደል። ኤፌሶን አርጤምስን ታወጣለች። ጴርጋሞን እባብ የተጠመጠመበት ዱላ የያዘውን የመድኃኒት አምላክ ታወጣለች። እስክንድርያ ራሱ ላይ ቁና የደፋውን ሴራፒስን። ተራራ የሚያመልኩ ተራራቸውን፣ ጥቁር ድንጋይ የሚያመልኩ ድንጋያቸውን። ወንዙ እንኳ ጢም አውጥቶ፣ በክርኑ ተደግፎ፣ ጋደም ብሎ ይገኛል። ይህን ሁሉ አማልክት ለይቶ ማወቅ የኔ እንጀራ ሆነ።

እንዴት ገባሁበት? መሀል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ኤድጋር የሚባል ሽማግሌ በየጠዋቱ ያረጀች መኪናውን እዚያ ፓርክ ያደርግ ነበር። አንድ ቀን ሊከፍል ኪሱን ሲበረብር በፕላስቲክ የታሸገ ሳንቲም አውጥቶ መስኮቴ ላይ አኖረ። ንስር አለበት፤ ከንስሩ ጎን የኛን ፲፪ የመሰለ ምልክት። «አሥራ ሁለት ይላል» አልኩት እንደ ዋዛ። ሰውዬው መክፈሉን ረሳ። ከኋላው የተሰለፉት መኪኖች ክላክሳቸውን ያንባርቃሉ፣ እሱ «ማን ነገረሽ?» ይለኛል። «ማንም። እኛ አገር ዳዊት ላይ ቁጥር እንዲህ ነው የሚጻፈው» አልኩት። የግዕዝ ቁጥሮቻችን ከግሪክ ፊደላት መምጣታቸውን ያኔ አላውቅም ነበር፤ ያስተማረኝ እሱ ነው። እስክንድርያ ሳንቲሟ ላይ ቄሣሩ ከነገሠ ስንተኛ ዓመቱ እንደሆነ በዚያ ዓይነት ቁጥር ትጽፍ ነበር፤ እሱም ይህን የሚያነብ ሰው ይፈልግ ነበርና፣ በወሩ ካሸርነቱን ትቼ ወደ ሳንቲም ሱቁ ገባሁ። ደመወዙ ትንሽ ይሻል ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም። ኤድጋር ወይንሸት የሚለው ስሜ ከብዶት ዌይን አለኝ፤ ለካ የወንድ ስም ነው። ደንበኞች እስከ መጨረሻው «ክቡር ሚስተር ዌይን» እያሉ ይጽፉልኝ ነበር።

ኤድጋር ደግ ሰው ነበር፤ ግን ሰው ያታክታል። መጻሕፍቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍና ቁልፉን ካልሲው ውስጥ ይከተዋል። ካልሲው ውስጥ! ዓይኔ ያየውን ወረቀት ላይ ሳላሰፍር መጽሐፍ አይወጣም። ስም መጻፍም ክልክል ነው። «አርጤምስ» ብዬ ከጻፍኩ በዚያ በዱልዱም እርሳሱ ይሰርዝብኛል። «ስሟን ማን ጠየቀሽ? የሚታየውን ጻፊ።» እሺ ብዬ፦ ፊት ለፊት የቆመች ሴት፣ ደረቷ ላይ ጡት የመሰለ ነገር የተደረደረባት፣ በግራና በቀኟ አጋዘን። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ነው ጫማውን አውልቆ ቁልፉን የሚሰጠኝ። ስንቴ «በዚህ ዕድሜዬ!» ብዬ ልለቅ ነበር መሰላችሁ።

ጠረጴዛው ላይ አንዲት መብራት ብቻ ናት። እሷንም ዝቅ አድርጎ ከጎን ያበራታል። ብርሃኑ በሳንቲሙ ፊት ላይ ተንጋዶ ሲያልፍ፣ ተፍቆ አለቀ ያልነው ሥዕል ጥላ ያወጣል። ሳንቲሙን በጠርዙ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ቀስ እያለ ያዞረዋል። አፈር የደፈነውን ፊደል ለመግለጥ ብረት አያስነካም። ከጓሮው ጽጌረዳ የቆረጠውን እሾህ እንጨት ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ሳንቲሙን በተጣራ ውኃ አርሶ፣ አንዲት ፊደል ለማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሥዕል ሲያነብ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከእጅ ነው። ፊት ይፋቃል፣ ልብስ ይመሳሰላል፣ እጅ ግን አይዋሽም ይላል። ፍሬ የሞላ ቀንድ ከያዘች የከተማዋ ዕድል ናት። የወይን ዘለላ ከያዘ ዲዮኒሶስ ነው። መብረቅ ከያዘ መጽሐፍ ቅዱሳችን ድያ የሚለው ዜውስ ነው። አማልክቱ ሁሉ አንድ ነገር ይይዛሉ፤ ካልያዙ ተፍቆ ነው ብዬ እኔ በራሴ ደመደምኩ። ይህን እሱ አላለኝም።

ኤድጋር ጉልበቱ ሲደክም ሱቁን ለወንድሙ ልጅ ለከርት አስረክቦ ሌላ ስቴት ወዳለችው ልጁ ሄደ። ከሁለት ክረምት በኋላም ሞተ። አለቀስኩለት። ከርት ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ተወው፤ መብራቱንም በትልቅ ነጭ መብራት ለወጠው። ሁሉ ነገር ኢንተርኔት ላይ ሆነ። በቀን አርባ ሳንቲም ፎቶ ማንሣት፣ መጻፍ፣ መለጠፍ። እሾህ ይዤ ሲያየኝ «ዌይን፣ አትክልት ልትተክዪ ነው?» ይለኛል።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ያቃጠለኝ «ባይብል» የምትለዋ ቃል ናት። ከርት መግለጫው ላይ እሷ ያለችበት ሳንቲም ቶሎ እንደሚሸጥ ደረሰበትና የኤፌሶን ሳንቲም ባየ ቁጥር «ቅዱስ ጳውሎስ ይህን ሳንቲም ኪሱ ይዞት ሊሆን ይችላል» ብሎ ይጨምርበታል።

«ከርት፣ ይህ የተመታው ጳውሎስ ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው» አልኩት።

«ሊሆን ይችላል ነው እኮ ያልኩት» አለኝ።

በሌላ በኩል ደግሞ የራሴ ሰዎች። እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ያገኙትን ሳንቲም ይዘው ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ፈረሰኛ ያለበት ሁሉ ጊዮርጊስ ነው። ክንፍ ያለው ሁሉ ገብርኤል ነው። አንዲት እናት ኢሲስ ያለችበትን ሳንቲም ከእጄ ተቀብለው ግንባራቸውን አስነክተው ተሳለሟት። «ኧረ አይሳለሟት፣ ጣዖት ናት!» ስል ግቢው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እምነት የሌላት ተባልኩ። ሱቅ ስገባ ከርት፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ምዕመናን። ቀስ በቀስ የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ከሰው አፍ ሲወጣ ገና ሳልሰማ «አይደለም!» የምል ሴት ሆንኩ።

ጋሽ ሐጎስ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ሲታክ ከሚባለው የሲያትል አየር ማረፊያ ሻትል እየነዱ መንገደኛ ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ቱክዊላ ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ከሊያ ጋር ይኖራሉ። ቡሪየን በምትባለው ጎረቤት ከተማ አንድ ቤት የሟች ዕቃ ሲሸጥ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አሮጌ ሳንቲም ገዙ። ሟቹ በወጣትነቱ ቱርክ አገር የኖረ ወታደር ነበር ብለው ነግረዋቸዋል። ቆርቆሮውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመት የሆናትን ሊያን አስከትለው፣ ሁለት ባስ ቀይረው ሱቁ መጡ።

«ወይንዬ፣ ይህቺን ልጅ ያመጣኋት ካንቺ እንድትሰማ ነው» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «ቤት ውስጥ የምናገረውን ሁሉ ጎግል አድርጋ ታርመኛለች። ኖኅ ያለበት ሳንቲም አገኘሁ ብላት ሳቀችብኝ። እኔን አታምንም፤ አንቺ ኤክስፐርት ነሽ።»

«አባባ፣ ኢትስ ፋይን» አለች ሊያ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ።

ኖኅ የሚለውን ስሰማ «አይደለም!» ሊያመልጠኝ ነበር። ግን ሽማግሌ ናቸው፣ በባስ መጥተዋል፤ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩና አንድ በአንድ ማሳየት ጀመርኩ። «እጇን ይዩ ጋሼ፤ ቀንድ ይዛለች፣ ዕድል ናት። ይህኛው ዱላ ከእባብ ጋር፤ ሐኪሙ ነው።» ጋሽ ሐጎስ ቶሎ ገባቸው። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ እኔን ቀድመው «ይሄ ወይን ይዟል፤ ሰካራሙ!» አሉ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ከኤድጋር ወዲህ እንዲህ የሚያይ ሰው አጠገቤ አልተቀመጠም።

ከዚያ የሳቸው ሳንቲም ተራ ደረሰ። ትልቅ ነሐስ ነው፤ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አለው፤ መሀሉ በቡናማ አፈር ተደፍኗል። አራት ማዕዘን ነገር ውስጥ ሁለት ሰዎች ከወገብ በላይ ይታያሉ። ከጎኑ ደግሞ ሌሎች ሁለት ሰዎች ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ቆመዋል። ከላይ በኩል እብጠት ነገር አለ። በሳምንት ሃያ መቅደስ አያለሁ፤ ይህም ሃያ አንደኛው ነው አልኩ በልቤ።

«መቅደስ ነው ጋሼ። ውስጥ ያሉት ሁለት ጣዖቶች፣ ውጭ ያሉት ሁለት አምላኪዎች።»

«ሣጥን ነው እንጂ። ክዳኑ ተከፍቶ አይታይሽም?»

«ክዳን የሚሉት ጣሪያው ነው።»

«ደግሞ አራት ሰዎች አይደሉም፤ ሁለት ናቸው» አሉ ጣታቸውን ሳንቲሙ ላይ ሳያሳርፉ። «ውስጥም እነሱ፣ ውጭም እነሱ። ኖኅና ሚስቱ። መጀመሪያ መርከቡ ውስጥ፣ ኋላ ወጥተው ሲያመሰግኑ። የኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አንዱ ቅዱስ ሦስት ቦታ ይሣል የለም እንዴ?»

ልክ ነበሩ። ግድግዳው ላይ ሲፈረድበት፣ ሲገረፍ፣ አክሊል ሲቀበል ያው አንድ ቅዱስ ጎን ለጎን ይሣላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ያደግኩት ነገር ነው። እሱን ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን ቁጣዬን ነበር የማዳምጠው።

«ኖኅ ያለበት ሳንቲም አለ፤ ሥዕሉንም አንድ ጊዜ አይቻለሁ» አልኳቸው። «ግን በጣት የሚቆጠር ነው፤ ያለውም ሙዚየም ነው። ቡሪየን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አይገኝም።»

«እጃቸውን ይዩ ባልሽኝ መሠረት አየሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሌሎቹ ሁሉ አንድ ነገር ይዘዋል። እነዚህ ምንም አልያዙም። እየጸለዩ ነው።»

«ተፍቆ ነው!»

ይህን ጊዜ ከርት ከጓዳ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ኖኅ ነው ያላችሁት? ኖኅ አለን?» አለ። ዓይኑ በርቷል። ርእሱን ሲጽፍ፣ ባይብል ሲል፣ ነገ ደግሞ ደጀ ሰላሙ ላይ ሰልፉ ሲረዝም ታየኝ። በእንግሊዝኛ ጮኽኩ። «ኖኅ የለም! ተራ የጣዖት ቤት ነው! ስንት ጊዜ ልናገር?» ሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኳ ቀና ብላ አያቷን አየቻቸው።

«አይ ቶልድ ዩ፣ አባባ» አለች።

ጋሽ ሐጎስ ሳንቲሙን ከሌሎቹ ጋር ቀላቀሉት። «እሺ ልጄ፤ አንቺ ካልሽ ነው» አሉ። ቆርቆሮው ቤት ቦታ ከሚይዝ ሱቁ ይሽጠው ብለው ትተውልኝ ሄዱ። እኔም እንደ ኤድጋር መብራት ዝቅ ሳላደርግ፣ እሾህ ሳላነሣ «ከተማው ያልታወቀ፤ መቅደስ፣ ሁለት ሰዎች» ብዬ ጽፌ ከሃያ የተፋቁ ሳንቲሞች ጋር በአንድ ከረጢት ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ ለጠፍኩት። በሳምንቱ ተሸጠ።

ዓመት አለፈ። አውሮፓ ውስጥ ካለ አንድ ትልቅ ጨረታ ቤት ካታሎግ መጣ። ሽፋኑ ላይ ያለውን ሳንቲም አወቅሁት። ጠርዙ ላይ ያ ስንጥቅ አለ። ኮምፒውተሬ ላይ ያን ጊዜ ያነሣሁትን ፎቶ አውጥቼ ጎን ለጎን አደረግሁ። አንድ ሰው አፈሩን በትዕግሥት አንሥቶለታል። ጣሪያ ያልኩት ክዳን ነው። እብጠት ያልኩት አንድ የተቀመጠች ወፍና ቅጠል ይዛ የምትበር ርግብ ነው። ሣጥኑ ላይ ደግሞ ሦስት የግሪክ ፊደላት አሉ፤ ኖኅ ይላል። የመታችው ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር የነበረች አፓሜያ የምትባል ከተማ ናት፤ በቅጽል ስሟ ሣጥን ይሏት ነበር፤ በግሪክኛ የኖኅ መርከብም የሚጠራው በዚያው ቃል ነው። አይሁድ ይኖሩባት ነበርና፣ መርከቡ ያረፈው እኛ ተራራ ላይ ነው የሚል ታሪክ ነበራት። ይህን ሁሉ የሚናገረው መጽሐፍ እኔ በጮኽኩበት ቀን ከወንበሬ ጀርባ፣ ባልተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ከርት ካታሎጉን አይቶ «ባይብል በይ ስልሽ!» አለኝ። በሕይወቱ አንድ ቀን ልክ ሆነ፤ እሱም በኔ ጥፋት።

ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በአራተኛው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የካታሎጉን ሽፋን ቀድጄ ቱክዊላ ሄድኩ። ጋሽ ሐጎስ በር ከፈቱልኝ። ሊያ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስልኳ ላይ ነበረች። ሳልቀመጥ ወረቀቱን ሰጠኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«አምሮበታል» አሉ። «ታጥቦ ነው?»

«ጋሼ፣ ኖኅ ነው እኮ የምልዎ! ልክ ነበሩ!»

«አውቃለሁ። ያን ቀንም አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ? ለምን አልተከራከሩኝም?»

«ፈረንጁ አለቃሽ ቆሞ ይሰማል» አሉ፣ የማይገባኝ እኔ እንደሆንኩ ሁሉ። «እሱ ፊት አታውቂም ልበልሽ? እንጀራሽ ነው። ላሳጣሽ?»

በዚያች ሰዓት የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም። በራሴም፣ በሳቸውም፣ በዚህ በይሉኝታችንም። «ቢጮኹብኝ ምን ነበረበት!» አልኩ፤ እንባዬም መጣ። እሳቸው ግን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና አገጫቸውን ወደ ሶፋው አነሡ። «ለኔ ተይው። ለሷ ንገሪያት።»

ለሊያ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። አያትሽ ልክ ነበሩ፣ እኔ ተሳሳትኩ፤ ሳላየው ነው አይደለም ያልኩት። ተነሥታ ተቀመጠች።

«ኦኬ። ሶ፣ የት አለ?»

«ሸጥኩት» አልኩ።

«የሸጥኩት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሐጎስ። «ቆርቆሮው የኔ፣ ሽጪው ያልኳት እኔ።»

«ጋሼ ተዉ፣ እኔ ነኝ።»

«አይደለሽም፣ እኔ ነኝ አልኩሽ።»

ሊያ እኔንም እሳቸውንም በየተራ አየችን። «ዩ ጋይዝ» አለች፤ ከዚያ ስልኳን ሶፋው ላይ ጥላ ተነሣች። አያቷ የተቀመጡበት ወንበር ክንድ ላይ ቁጢጥ አለችና አንገቷን ወደ ወረቀቱ አሰገገች።

«ሚስቱ የትኛዋ ናት?» አለች በአማርኛ።

እኔ ከአፏ ተቀብዬ፣ ጣቴን ሥዕሉ ላይ ቀስሬ፣ «ይቺ ሻሽ ያደረገችው፤ ልብ ብለሽ ካየሽ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ሶሪ፣ እትዬ» አለችኝ። «አባባን ነው የጠየቅኩት።»

ጣቴን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።